መጀመሪያ የሚጮኸው ማን ነው?

ጋሽ ይርዳው ማረፋቸውን የሰማሁት ቢሮ ውስጥ፣ ምሳዬን ልጀምር ስል ነው። የሥራ ስልክ መስሎኝ በእንግሊዝኛ አነሳሁት። ከወዲያ በኩል ያለችው ሴት በአማርኛ፣ "ብሩክ? ሰላም ነኝ፤ የይርዳው ልጅ" አለችኝ። ሰላምን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ሃይስኩል ሳለች ነበር።

"አባዬ ሰንደይ ዐረፈ። ልቡ ነው። ፊውነራሉ ሳተርዴይ ነው፤ ከዛ ዳንፎርዝ ላይ ሐበሻ ሬስቶራንት ሰው ይሰበሰባል። ትመጣለህ አይደል?"

"እንዴት አልመጣም!" አልኳት። ይህን የምለው እኔ፣ ሰውዬው በሕይወት ሳሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጃቸውን ያልረገጥኩት ነኝ።

"ደግሞ አንድ ቦክስ አለ። ያንተ ኔም ተጽፎበታል። እማዬ 'ብሩክ ካልወሰደው እጥለዋለሁ' እያለች ነው።"

የትኛው ሳጥን እንደሆነ ሳልጠይቃት አወቅኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሳንድዊቹን በወረቀቱ መልሼ ጠቀለልኩት። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ጋሽ ይርዳውን ያወቅኳቸው ቶሮንቶ፣ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ፣ ዮንግ መንገድ ላይ በነበረች ትንሽ የካርታ ድርጅት ነው። ድርጅቷ ከምንጣፍ መሸጫ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነበረች፤ እስከ ዛሬ አዲስ ምንጣፍ ሲሸተኝ ባሕር ትዝ ይለኛል። ሥራችን የአትላንቲክን ዳርቻ የሚያሳዩ የወረቀት ካርታዎችን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነበር። ያን ጊዜ መርከብ ተሰንጥቆ ዘይት ባሕር ላይ ቢፈስ፣ የአደጋ ሠራተኞቹ የቱ ዳርቻ አሸዋ፣ የቱ አለት፣ የቱ ዓሣ የሚራባበት ረግረግ እንደሆነ ለማወቅ ከየመሳቢያው ጥቅል ወረቀት ያወጣሉ። ወረቀቱን ዘርግተው ሳይጨርሱ ዘይቱ ይደርሳል። እኛ ያንን ሁሉ በአንድ ዲስክ ላይ ልናስቀምጥላቸው ነበር። ቁልፍ ሲነኩ ዳርቻው በየቀለሙ ይታያቸዋል፤ ቡም የሚሉትን፣ ዘይት እንዳያልፍ ውኃ ላይ የሚዘረጋውን ተንሳፋፊ አጥር የት እንደሚያኖሩትም ወዲያው ያውቃሉ።

አሠራሩ አሁን ሲያስቡት ያስቃል። በር የሚያህል ጠረጴዛ ላይ ካርታውን በፕላስተር እንለጥፋለን። ከዚያ መሐሏ ላይ የመስቀል ምልክት ያለባትን የኮምፒውተር ማውስ ይዘን የባሕሩን ዳር እየተከተልን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እናደርጋለን። ቀኑን ሙሉ ጠቅ ሳደርግ ውዬ፣ ማታ ባስ ስጠብቅ ጣቴ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ብቻውን ይሠራ ነበር። ቶሮንቶ ያላት ሐይቅ ነው፤ ባሕሩ ሩቅ ነው። ከመካከላችን ባሕር ላይ ሠርተው የሚያውቁት ጋሽ ይርዳው ብቻ ነበሩ። ቀይ ባሕር ላይ፣ በወደብ ጀልባ መሪነት ሃያ ዓመት ገደማ አገልግለዋል።

አጭር፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት እንደሚመታው ሰው ዓይናቸውን ሁልጊዜ ጨፈን የሚያደርጉ ነበሩ። ከሸሚዛቸው ኪስ አንድ ጫፉ ቀይ፣ አንድ ጫፉ ሰማያዊ የሆነ እርሳስ አይጠፋም። ምሳቸው ሰርዲን፣ ዳቦና ቃሪያ ነው። ቆርቆሮውን ሲከፍቱ አለቃችን ዳግላስ በዚያ በጥር ብርድ ተነስቶ መስኮት ይከፍታል። ጋሽ ይርዳው ወደ እኔ ዞር ብለው በአማርኛ፣ "ቀኑን ሙሉ ባሕር እያሣለን ዓሣ ሸተተኝ ይላል እንዴ!" ይሉና ቃሪያቸውን ይገምጣሉ።

አንድ ቅዳሜ ዳንፎርዝ ላይ ከአገር ልጆች ጋር ምሳ እየበላን፣ አንዱ ተጫዋች ነኝ ባይ፣ "ጋሽ ይርዳው፣ እንግዲህ ባሕሩም ሄደ፤ እርስዎ ምን ቀረዎት?" አላቸው። ጠረጴዛው ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ። እሳቸው ጉርሻቸውን ሳይቸኩሉ ዋጡና፣ "ባሕር የትም አይሄድም። የሚሄደው ሰው ነው" አሉት። ስለዚያ ጉዳይ ከዚህ በላይ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ሳጥኑ ልምጣ። ሳጥኑ የጫማ ሳጥን ነው። ውስጡ በዳርቻው ቅደም ተከተል የተደረደሩ ካርዶች አሉ፤ ለእያንዳንዱ የዳርቻ ቁራጭ አንድ ካርድ። ከላይ የቦታው ስም፣ ከሥሩ መሬቱ ምን እንደሆነ ይጻፋል። ከታች ደግሞ በቀይ "መጀመሪያ የሚጮኸው" ይልና የአንድ ሰው ስምና የስልክ ቁጥር ይከተላል። ጋሽ ይርዳው አዲስ ካርታ ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ቁጥር የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር። "ዘይቱ እዚህ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጮኸው ማን ነው?"

"ጋሼ፣ እኔ በምን አውቃለሁ?" እላቸዋለሁ።

"አታውቅም። ካርታውም አያውቅም። ስለዚህ እንጠይቃለን።"

የሚጠይቁት በስልክ ነው። የመንደሩን ፖስታ ቤት ወይም ሱቅ ፈልገው ይደውሉና፣ ለውኃው በጣም የቀረበው ቤት የማን እንደሆነ ያጣራሉ። ከዚያ እዚያ ቤት ይደውላሉ። የመንገዱን ርዝመት በድምፅ የሚሸፍኑት ይመስል እንዲህ ይጮሃሉ፦ "ሄሎ! ዚስ ኢዝ ይርዳው! ፍሮም ቶሮንቶ! ኖ፣ ኖ፣ አይ አም ኖት ሴሊንግ!" መጀመሪያ የዘጉባቸው ብዙ ናቸው። ያልዘጉት ግን ወዳጅ ሆነው ቀሩ። ውኃው እስከየት ይሞላል? ሲጎድል ምን ይቀራል? ክረምቱ አሸዋውን የት ወሰደው? እያሉ ይጠይቃሉ፤ ሲሰሙ ሲሰሙ ይቆዩና እርሳሱን ያዞራሉ። ውኃ የሚገባበትን በሰማያዊ፣ ሰው የሚኖርበትን በቀይ።

ዳግላስ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ውል ፈርሟል፣ ቀን ተቆርጦበታል። ደንበኞቹ የጠየቁት መስመር እንጂ የስልክ ማውጫ እንዳልሆነ ለጋሽ ይርዳው ደጋግሞ ነገራቸው። በመጨረሻ የምሳ ሰዓታችሁን የፈለጋችሁትን አድርጉበት ብሎ ተወው። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ይርዳው በአንድ እጃቸው ሰርዲን፣ በአንድ እጃቸው ስልክ ይዘው ይበሉ ጀመር።

እኔ ግን ፈጣን ነበርኩ። ኮምፒውተር አውቃለሁ ባይም ነበርኩ፤ አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ልለው ያምረኛል። እሳቸው አንድ ካርታ ሲጨርሱ እኔ አራት እጨርሳለሁ። አንድ ቀን፣ "ጋሼ፣ በዚህ አያያዝዎ እኮ ባሕሩ ደርቆ ይጠብቀናል" ብላቸው፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ብሩኬ" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

የምቸኩልበት ምክንያት ነበረኝ። ባለቤቴ ሂሩት አዲስ አበባ ናት፤ ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆኖን አብረን የኖርነው አራት ወር ነው። እሷን ለማምጣት ከአሠሪዬ ቋሚ ሠራተኛ ነው የሚል ደብዳቤ ያስፈልገኛል። እኔ ደግሞ የሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። ዳግላስን ጠይቄው፣ የመጀመሪያው ዲስክ ማክሰኞ ከተላከ ዓርብ እሰጥሃለሁ ብሎኛል። ያቺን ዓርብ ለሂሩት በስልክ ነግሬያት ነበር።

እዚህ ላይ ጥፋቴን መናገር አለብኝ። በእጅ የተሠመረ መስመር ይንቀጠቀጣል፤ ጫፍና ጫፉም ሁልጊዜ አይገናኝም። ለዚህ ኮምፒውተሩ የማጽጃ ትእዛዝ አለው። አንድ ርቀት ትነግረዋለህ፤ ከዚያ ርቀት በታች የተቀራረቡትን መስመሮች ሁሉ እሱ ራሱ ያጋጥማቸዋል። ጋሽ ይርዳው ርቀቱን ትንሽ አድርጌ፣ የቀረውን ክፍተት በዓይኔ እያየሁ አንድ በአንድ እንድዘጋ ነግረውኝ ነበር። ሰኞ ከሰዓት ሰዓቴን አየሁና ርቀቱን ከፍ አደረግኩት። አርባ አንዱም ካርታ በአንድ ከሰዓት ጥርት ብሎ ወጣ። ማክሰኞ ዲስኩ ተላከ፤ ዳግላስ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ረቡዕ ጋሽ ይርዳው አዲሱን ካርታ በትልቅ ወረቀት አሳትመው፣ ከካርዶቻቸው እያዩ በቀይ ነጥብ ምልክት ያደርጉበት ነበር።

"ብሩኬ፣ እስቲ ና" አሉኝ፣ አንድ ካርድ ከፍ አድርገው። "ይህች ሴትዮ ሐይቅ ዳር ነው እንዴ የምትኖረው?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ነጥቡ ያረፈው አንዲት ጠባብ ሰርጥ ላይ ነው። ባሕሩ በዚያች ገብቶ ከኋላዋ ያለውን ሰፊ ረግረግ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል። የሰፈሩ ሰው ሰርጧን "ጉሮሮው" ይላታል። ካርታዬ ላይ ግን ጉሮሮው የለም። ሁለቱ ዳሮች በጣም ስለተቀራረቡ ኮምፒውተሩ አጋጥሞ ዘግቷቸዋል፤ ረግረጉ ሐይቅ ሆኖ ባሕሩ ከውጭ ቀርቷል።

ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ዘይት ቢመጣ የአደጋ ሠራተኞቹ ዲስኩን ከፍተው እዚህ ባሕር አይገባም ብለው ያልፋሉ። አጥሩን ሌላ ቦታ ይዘረጋሉ። ዘይቱ ግን ካርታ አያነብም፤ ከውኃው ጋር ይገባል።

እኔም አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ። "ጋሼ፣ በጣም ትንሽ እኮ ናት። ማን ያያታል? ዓርብ ይለፍና በሚቀጥለው ዲስክ ላይ እናስተካክላታለን።"

ደብዳቤውን ያውቃሉ። የሂሩትን ፎቶ አሳይቻቸዋለሁ። መነጽራቸውን አወለቁና ወንበር ሳቡልኝ።

"እኔም ዘግቼ አውቃለሁ" አሉ። "ወደብ ሳለሁ አንድ መርከብ ዘይት አፈሰሰ። አጥሩን በጀልባ የምጎትተው እኔ ነኝ። ያለን ካርታ አሮጌ ነው፤ አንዷን ሰርጥ በአሸዋ የተደፈነች አድርጎ ያሳያል። እዚያ ዓሊ የሚባል ዓሣ አጥማጅ እንደሚኖር አውቅ ነበር። ሄጄ 'ዓሊ፣ ይህ ነገር ተከፍቷል ወይ?' ማለት የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ቸኮልኩ። ካርታው ተደፍኗል ካለ ተደፍኗል አልኩና አለፍኩት።"

"ከዚያስ?"

"ከሦስት ቀን በኋላ ቢሮ መጣ። መረቡን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው፤ ጥቁር ነው። አልተሳደበም። 'ይርዳው፣ እዚያው ነበርኩ እኮ፤ ለምን አልጠየቅከኝም?' ብቻ አለኝ።" መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አጠለቁት። "እኔ እንዲህ አድርግ አልልህም። ሚስት የምትጠብቀው አንተ ነህ። ግን ለዳግላስ ከመንገርህም ዝም ከማለትህም በፊት ለዚች ሴትዮ ደውልላት።"

"ምን ብዬ?"

"ያደረግከውን ነዋ!"

ካርዱ ላይ ያለው ስም ዶሪን ይላል። ደወልኩ። ቶሮንቶ የሚል ቃል ስትሰማ፣ "የይርዳው ሰው ነህ?" አለችኝ። አዎ ብዬ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ረዥም ሳቅ ሳቀች።

"ዛሬ ጠዋት እኮ ጀልባዬን በዚያው አስገብቻለሁ! እናንተ እዚያ ሆናችሁ ዘጋችሁት?" ከዚያ ሳቁን ተወችው። "ስማኝ፣ ልጄ። አራት ልጆች ያሳደግኩት ከዚያ ረግረግ ክላም እየቆፈርኩ ነው። ቶሎ ክፈተው።"

ክላም እዚያ አገር ከጭቃ ውስጥ ቆፍረው የሚያወጡት፣ በዛጎል ውስጥ ያለ ሥጋ ነው። እኔ ያኔ ቀምሼውም አላውቅም። ግን ስልኩን እንደዘጋሁ ሆዴ ውስጥ የነበረው ክርክር አልቆ ነበር። ሂሩትን ሳስብ እንባዬ መጣ፤ ቢሆንም ተነስቼ የዳግላስን በር አንኳኳሁ።

ዳግላስ እስክጨርስ አላቋረጠኝም። ጆሮዎቹ ብቻ እየቀሉ ሄዱ።

"ይህን ርቀት የተጠቀምከው ስንት ካርታ ላይ ነው?" አለኝ።

"ሁሉም ላይ።"

ዲስኩን እንዳትጠቀሙበት የሚል ፋክስ በራሱ እጅ ጽፎ ላከ። ዓርብ መጣ፤ ደብዳቤ የለም። እኔም ልጠይቀው ፊት አልነበረኝም። ለሂሩት ምን እንደምላት ጨንቆኝ ቅዳሜና እሁድ ዌስተን ካለችው አፓርታማዬ አልወጣሁም። ሰኞ ስገባ ጋሽ ይርዳው ከጠረጴዛዬ አጠገብ ሁለተኛ ወንበር አስቀምጠው፣ የጫማ ሳጥናቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

"ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ" አሉኝ። "ክፈት ኮምፒውተርህን።"

ያ ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። እሳቸው ካርድ ያነሳሉ፣ የቦታውን ስም ይጠራሉ። እኔ ቦታውን በማሳያው ላይ አጉልቼ እፈልጋለሁ።

"ክፍት ነው?"

"ክፍት ነው።"

ካርዱ የሚገለበጠው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። አንዳንዴ ሳላይ "ክፍት ነው" እላለሁ፤ ያውቁብኛል። "አሁን አየኸው?" ይሉና ካርዱን እንደያዙ ይጠብቃሉ። እንደገና አያለሁ። በዚያ መንገድ ዐሥራ ሰባት የተዘጉ ሰርጦች አገኘን። ሁሉንም ከፈትናቸው። እንደዚያ ተሰላችቼ አላውቅም፤ እንደዚያም ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም። የሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ እኮ "ክፍት ነው" የሚለውን ቃል ቤቴ ገብቼ ማቀዝቀዣውን ስከፍት እንኳ እለው ነበር።

ዳግላስ አንድ ቀን ከኋላችን ቆሞ ብዙ ጊዜ አየን። በበነጋታው የስልክ ቁጥሮቹን ዲስኩ ውስጥ አስገቡ አለን። ከዚያ ወዲህ ዳርቻው ላይ ጠቅ ሲደረግ መጀመሪያ የሚጮኸው ሰው ስምና ስልክ ብቅ ይላል። እኔ ለጋሽ ይርዳው ደስ ብሎኝ ልጨፍር ደረስኩ። እሳቸው ግን እርሳሳቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው፣ "ሰዎቹ ቤት ሲለቁስ? አሸዋው ሲንቀሳቀስስ? ዲስክ እኮ አንዴ ከታተመ አይሰማም" አሉ። ይህንን ያኔ የሽማግሌ ጭቅጭቅ ነው ብዬ አለፍኩት።

ደብዳቤዬ አዲሱ ዲስክ በተላከ ማግስት መጣ። ዳግላስ ቋሚ ሠራተኛ ነው ከሚለው ሥር አንድ መስመር ጨምሮበታል፤ ጥፋቱን ራሱ መጥቶ የነገረኝ ሠራተኛ ነው ይላል። ሂሩት በሚቀጥለው ዓመት መጣች። ከአውሮፕላን ማረፊያ በመኪናቸው ያመጡን ጋሽ ይርዳው ናቸው፤ መንገዱን በሙሉ ስለ ባሕር ሙላትና ጉድለት ሲያስረዷት ነበር። ምስኪን፣ ከረዥሙ በረራ ድካም እንቅልፍ እየጣላት "እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ" ትል ነበር።

ከዚያ ወረቀቱን ራሱ የሚያነብ ማሽን መጣ። በእጅ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ቀረ። ድርጅቷ ስትቀንስ የቀነሰችው እሳቸውን ነው፤ እኔን አቆየችኝ፣ ሹመትም ሰጠችኝ። የመጨረሻ ቀናቸው የጫማ ሳጥናቸውን በብብታቸው ይዘው ሲወጡ ደረጃው ድረስ ሸኘኋቸው። "ጋሼ፣ እንዲህ ነው እንግዲህ" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ሠሩ። መጀመሪያ በየሳምንቱ እሄድ ነበር፤ ቀጥሎ በየወሩ። ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩ ቀን ከፓርኪንጉ መግቢያ የመስታወት ክፍል ውስጥ ሆነው አዩኝና ግማሽ ዳቦ ሰጡኝ፣ ሰርዲን ያለበት። እርሳሱ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። "ካርዶቹስ?" አልኳቸው ለጨዋታ ያህል። "አሉ" አሉኝ። ከዚያ ሥራ በዛ፣ ልጅ ተወለደ፣ ክረምት ሆነ። ሰበብ አይጠፋም። ሰውዬውን ስወዳቸው ነው የራቅኳቸው፤ ይህን ይቅር የሚለኝ ሰው አሁን የለም።

ለመሆኑ ዘይቱ መጣ ወይ? አልመጣም። በዚያ ዳርቻ፣ ቢያንስ እስከ ዛሬ፣ አንድም መርከብ አልተሰነጠቀም። ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ ሁሉ ካርድ፣ ላልመጣ ነገር ነበር።

ቅዳሜ ቀበርናቸው። ዳንፎርዝ ላይ እንጀራ ቀርቦ ሰው ሁሉ ስለ ደግነታቸው ሲያወራ፣ ሰላም ሳጥኑን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋ ሰጠችኝ። ክዳኑ ላይ በቀይ "ለብሩክ" ይላል። "የሎንግ ዲስታንስ ፎን ቢሉ ነገር እማዬን ክሬዚ ያደርጋት ነበር" አለችኝ እየሳቀችም እያለቀሰችም። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሳጥኑን ቤት ወስጄ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። እውነቱን ለመናገር ለመክፈት አፍሬ ነበር።

የከፈትኩት ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ ውስጥ አንድ እሁድ ከሰዓት ነው። ሂሩት ልጁን ይዛ ወጥታለች። ካርዶቹ እንደ ጥንቱ ናቸው፤ እርሳሱም ከላይ ተቀምጧል፣ አጥሮ የጣት ያህል ሆኗል። የዶሪንን ካርድ ፈልጌ አወጣሁ። ዝም ብዬ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በሰማያዊ፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ይላል፦

ሚያዝያ ፹፯፣ ክፍት።
ሚያዝያ ፹፰፣ ክፍት።
ሚያዝያ ፹፱፣ ጠቧል፤ ግን ክፍት።
ሚያዝያ ፺፣ ክፍት።

ሌላ ካርድ ገለበጥኩ። ሌላም። የሁሉም ጀርባ እንደዚሁ ነው። አንዳንዱ ላይ የሚጮኸው ሰው ስም ተሰርዞ ሌላ ስም ገብቷል፤ አንዱ ላይ "ሞተች፤ አሁን ልጇ ናት" ይላል። ከሥራ ከወጡ በኋላ እንኳ፣ ማንም ሳይልካቸው፣ በረዶው በለቀቀ ቁጥር ደውለው ሲጠይቁ ኖረዋል። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ያንኑ የድሮ ዲስክ ሳባዛ።

ስልኩን አንስቼ የዶሪንን ቁጥር መታሁ። ወዲያው ተነሳ።

"ከቶሮንቶ ነው የምደውለው" አልኳት።

"ይርዳው?"

"አይደለም። ብሩክ እባላለሁ። ያኔ ጉሮሮውን የዘጋሁብዎት ነኝ።"

"አወቅኩህ። የይርዳው ሰው። እሱስ? ዘንድሮ ቆየብኝ። በረዶው ከለቀቀ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ከስልኩ አልራቅኩም።"

ነገርኳት። ወንበር ስትስብ ሰማሁ።

"ታዲያ አትጠይቀኝም?" አለች።

"ምኑን?"

"እሱ የሚጠይቀኝን።"

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስተካክዬ አስቀመጥኩት። እርሳሷን ወደ ሰማያዊ ጫፏ አዞርኳት።

"ክፍት ነው?"

"ቆይ" አለች። "ጠዋት አይቼዋለሁ። ግን እሱ 'አሁን አየሽው?' ሳይል አይቀበልም ነበር።"

ስልኩን አስቀመጠችው። እርምጃዋ ሲርቅ ሰማሁ፤ በር ተከፈተ፣ ነፋስ ገባ። ስትመለስ ታለከልክ ነበር።

"ክፍት ነው" አለችኝ። "አሁን አየሁት።"

ከእሳቸው ጽሑፍ ሥር "ሚያዝያ ፺፩፣ ክፍት" ብዬ ጻፍኩ። አመስግኛት ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ካርዱን ገልብጬ ቀጣዩን አነሳሁ።